ተጠባባቂው መስመር ኔትወርኩን ሲጥለው



ዛሬ የምንነጋገረው ኔትወርክን ለማዳን ተገዝቶ ኔትወርክን ስለሚጥል ነገር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ያለው የሬዲዮ መስመር አልፎ አልፎ ይቋረጥበታል። «አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዲሠራ ሁለተኛ ይተከል» ይባላል፤ ይተከላል። ከዚያ በኋላ ኔትወርኩ ከቀድሞው በባሰ ሁኔታ መውደቅ ይጀምራል። አንዳንዴ ለሁለት ደቂቃ፣ አንዳንዴ ለግማሽ ቀን። ቴክኒሻኑ ሬዲዮውን ይቀይራል፣ ስዊቹን ይቀይራል፣ ኬብሉን እንደገና ይክሪምፓል፤ ለውጥ የለም። ዕቃው ሁሉ ደህና ነው። ችግሩ ያለው ሁለቱ መስመሮች በተገናኙበት መንገድ ላይ ነው።

ጉዳዩ በጣም እንዳይረቅብን አንድ አቀማመጥ ይዘን እንሂድ። መንገድ ተሻግረው የሚተያዩ ሁለት ሕንፃዎች አሉ እንበል። በአንደኛው ሰርቨሩና የኢንተርኔቱ መግቢያ አለ፤ ሁለተኛው ቅርንጫፍ ነው። አስፋልት ቆፍሮ ፋይበር መቅበር ስላልተቻለ ጣሪያ ለጣሪያ ሁለት ጥንድ ሬዲዮ ተተከለ። አንዱ በ60 ጊጋኸርዝ የሚሠራ በጣም ፈጣን መስመር ነው፤ ሌላው በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ፣ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ተጠባባቂ።

እስከዚህ ድረስ ምርጫው ጥሩ ነው። በ60 ጊጋኸርዝ አካባቢ አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ብቻውን ሞገዱን በየኪሎ ሜትሩ 15 ዲሲቤል ያህል ያዳክመዋል። በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ዶፍ ሲመጣ ደግሞ ከዚያ የማያንስ ሌላ ኪሳራ ይጨመራል። እንደ እኛ ሐምሌን የሚያውቅ አገር ይህን ቁጥር አቅልሎ ማየት የለበትም። 5 ጊጋኸርዝ ግን ዝናቡን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ስለዚህ ፈጣኑ በደረቁ ጊዜ ይሥራ፣ ቀርፋፋው በዶፉ ጊዜ ይተካው ማለት አስተዋይነት ነው። ጥፋቱ የሚመጣው የአራቱንም ሬዲዮ ኬብል በየሕንፃው ባለው ስዊች ላይ ሰክቶ፣ ሁሉንም ብሪጅ አድርጎ፣ ማለትም እንደ አንድ ኔትወርክ አገናኝቶ፣ «አለቀ» ብሎ መውረዱ ላይ ነው።

አሁን ቅርንጫፉ ውስጥ ያለ አንድ ኮምፒውተር ፕሪንተር ፈልጎ «የዚህ አይፒ ባለቤት ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ብሮድካስት ነው፤ ለሁሉም መድረስ አለበት። ስዊች ብሮድካስት ሲደርሰው ከመጣበት ፖርት በስተቀር በሁሉም ፖርቶች ያስወጣዋል። የዕድር ጥሩንባ ነፊ ሰፈሩን ሲያዳርስ አስቡት፤ ነገር ግን ጥሩንባውን የሰማ ቤት ሁሉ በተራው ወጥቶ እንዲነፋ ታዟል፤ «ይኼ ቅድም የተነፋው ነው» ብሎ የሚለይበት ምልክት ደግሞ የለም። ጥያቄው በ60ው መስመር ወደ ዋናው ሕንፃ ይሻገራል፣ እዚያ ያለው ስዊች በ5ቱ መስመር ይመልሰዋል፣ የቅርንጫፉ ስዊች እንደ አዲስ ተቀብሎ እንደገና በ60ው ይልከዋል። ሁለተኛ ቅጂ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ይዞራል። ማብቂያ የለውም፤ ሉፕ የሚባለው ይህ ነው።

ለምን ማብቂያ እንደሌለው ማወቅ ያስፈልጋል፤ የዛሬው ንግግሬ መደምደሚያም የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና። የአይፒ ፓኬት በራስጌው ላይ ቲቲኤል የሚባል ቆጣሪ ይዞ ይጓዛል። ብዙ ኮምፒውተሮች ከ64 ያስጀምሩታል፤ ያለፈበት ራውተር ሁሉ አንድ ይቀንስለታል፤ ዜሮ ሲሆን ፓኬቱ ይጣላል። የኢተርኔት ፍሬም ግን እንዲህ ያለ ቆጣሪ የለውም። ስዊቾች ፍሬሙን ሳይነኩት ስለሚያሳልፉት መጀመሪያ የመጣውና ለሺኛ ጊዜ የተመለሰው በምንም አይለያዩም። በጊጋቢት ፖርት ላይ ትንሹ ፍሬም በሰከንድ እስከ 1,488,095 ጊዜ ያልፋል። ሁለት መስመር ባለበት ሉፕ ቅጂዎቹ ይዞራሉ እንጂ በራሳቸው አይባዙም፤ አዲስ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ግን ይከማቻሉ። ሦስተኛ መስመር ከተጨመረ ነገሩ ሌላ ነው፤ አንዱ ቅጂ በደረሰ ቁጥር በሁለት ይወጣል፣ በእያንዳንዱ ምልልስም እጥፍ ይሆናል። አንድም ሰው ምንም ሳይነካ ኔትወርኩ በቅጽበት ይሞላል።

አቤቱታው የሚመጣው ደግሞ በተሳሳተ በር ነው። ቅርንጫፉ ውስጥ ያሉ ሠራተኞች «ዋይፋይ ጠፋ» ይላሉ እንጂ «ሉፕ አለ» አይሉም። እውነታቸውን ነው። አክሰስ ፖይንት ብሮድካስትን የሚልከው በዝቅተኛው ፍጥነት ነው፤ ብዙ ጊዜ በ5 ጊጋኸርዝ በ6 ሜጋቢት፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ ደግሞ እስከ 1 ሜጋቢት ድረስ ወርዶ። በኬብል ላይ ገና የሚቻል የሚመስለው ውርጅብኝ አየሩ ላይ ሲደርስ ሌላ ወሬ የሚሰማበት ቦታ አያስተርፍም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቴክኒሻን መሰላል ይዞ አክሰስ ፖይንቱ ጋ ይሄዳል። እዚያ ምንም አያገኝም።

ይህን ሁሉ ለመከላከል የተሠራው ስልት ስፓኒንግ ትሪ ይባላል። የፈጠረችው ራዲያ ፐርልማን ናት፤ በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ስትሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመችው ጽሑፍ። ሐሳቡን በአንድ ሌሊት እንዳገኘችው፣ በሁለት ቀን ጽፋ እንደጨረሰችው፣ አለቃዋ ዕረፍት ላይ ስለነበር የቀረውን ሳምንት ስለ ስልቱ ግጥም ስትጽፍ እንዳሳለፈች ራሷ ተናግራለች። ግጥሙም ከጽሑፉ ጋር ታትሟል። የእኛ አገር ኢንጂነሮች ግጥም ስለሚወዱ ይህችን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈለግሁም። ስልቱ እ.ኤ.አ. በ1990 802.1ዲ በሚል መለያ የአይትሪፕልኢ ደረጃ ሆነ፤ እስካሁንም እሱና ልጆቹ በየስዊቹ ውስጥ አሉ።

አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ስዊቾቹ ቢፒዲዩ የሚባል አጭር መልእክት በየ2 ሰከንዱ ይለዋወጣሉ። መለያ ቁጥሩ ትንሹ የሆነው ሩት ይሆናል። ሌሎቹ ወደ ሩቱ የሚያደርሳቸውን አንድ አጭር መንገድ ይመርጡና ትርፍ የሆነውን ፖርት ያግዱታል። የታገደው ፖርት መረጃ አያሳልፍም፤ ቢፒዲዩውን ግን ማዳመጡን አያቆምም። ለ20 ሰከንድ ምንም ካልሰማ «ማዶ ያለው ሞቷል» ብሎ ይደመድማል፤ ሁለት ጊዜ 15 ሰከንድ ጠብቆም በሩን ይከፍታል። አዲሱ ፈጣን ስሪት፣ አርኤስቲፒ፣ ያን ያህል አይታገስም፤ ሦስት መልእክት፣ ማለትም 6 ሰከንድ፣ ካለፈ ለእርሱ በቂ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህ ስልት ዝምታን እንደ ሞት ይቆጥራል። ለመዳብ ኬብል ትክክለኛ ግምት ነው፤ ደህና ኬብል ላይ በየ2 ሰከንዱ የሚላክ መልእክት ተከታትሎ አይጠፋም። አየር ላይ ግን ዝምታ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ዶፍ ይወርዳል። ጎረቤት ያለ ሌላ ሬዲዮ ቻናሉን ይይዘዋል። በ5 ጊጋኸርዝ ባንድ አንዳንድ ቻናሎች ላይ ሬዲዮው የራዳር ምልክት የሰማ ከመሰለው ሕጉ ዝም እንዲል ያስገድደዋል፤ ወደ ሌላ እንደዚያ ያለ ቻናል ከተዛወረም ከመናገሩ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ማዳመጥ አለበት። ከ20 ሰከንድም ከ6 ሰከንድም ይበልጣል። በዚያ ላይ ቢፒዲዩ የመልቲካስት ፍሬም ነው። ሬዲዮው እንደ ተራ አክሰስ ፖይንት ሲሠራ እንዲህ ያለውን ፍሬም አንድ ጊዜ ብቻ ይልከዋል፤ «ደርሶኛል» የሚል መልስ አይጠብቅም፤ ቢጠፋም አይደግመውም።

ውጤቱን አስቡት። ዋናው መስመር በሕይወት አለ፤ ሠራተኛው ፋይሉን እያወረደ ነው። በተጠባባቂው መስመር ላይ ግን ጥቂት ቢፒዲዩዎች ተከታትለው ጠፉ። የታገደው ፖርት ማዶው ሞተ ብሎ ተከፈተ። ሉፕ ሆነ። ሉፑ አየሩን ሞላው፤ አየሩ ስለሞላ የቀሩት ቢፒዲዩዎችም ጠፉ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንድ ቢፒዲዩ እንደ ምንም ሾልኮ ሲደርስ ፖርቱ እንደገና ይታገዳል፣ ኔትወርኩም «በራሱ ይስተካከላል»። ቴክኒሻኑ ሲደርስ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። የቴክኒሻንን ሌሊት የሚበላው ብልሽት ይህ ነው፤ ጨርሶ የሞተ ዕቃማ በአሥር ደቂቃ ይገኛል።

የተገላቢጦሹም አለ። ሬዲዮው አየር ላይ ሞቷል፤ ከስዊቹ ጋር ያገናኘው ኬብል ግን ደህና ስለሆነ የፖርቱ መብራት አረንጓዴ ነው። ስዊቹ የሚያየው እስከ ጣሪያው ድረስ ያለውን ጥቂት ሜትር ኬብል ብቻ ነው። ሁለቱን መስመሮች በእጅ አንድ ላይ ጠቅልሎ ጭነቱን እንዲካፈሉ ያደረገ ሰው ይህ ሲገጥመው ግራ ይጋባል። ስዊቹ ትራፊኩን የሚያካፍለው በአድራሻ ስሌት ስለሆነ በደህናው መስመር የተመደበው ኮምፒውተር ይሠራል፣ አጠገቡ ያለው አይሠራም፤ ያኛው ደግሞ ፕሪንተሩን ያገኛል፣ ሰርቨሩን አያገኝም። እንዲህ ያለ አቤቱታ ከደረሳችሁ ኮምፒውተሩን ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ።

ሌላው ስውር ነገር ቢፒዲዩውን ማን ያሳልፈዋል፣ ማን ይውጠዋል የሚለው ነው። አንዳንድ ሬዲዮ ራሱ በስፓኒንግ ትሪ ይሳተፋል። አንዳንዱ አይሳተፍም፤ ግን ቢፒዲዩውን ሳይነካ ያሳልፋል። ሁለቱም ያዋጣሉ። የሚያጠፋን ሦስተኛው ነው፤ የማይሳተፍ ግን የሚውጥ። የሠራተኛው ዳታ በእርሱ ያልፋል፣ ቢፒዲዩው ግን አይተላለፍም። በሁለቱም ወገን ያሉት ስዊቾች መካከላቸው መንገድ መኖሩን ስለማያውቁ የሚያግዱት ነገር የለም። ስፓኒንግ ትሪ በሁሉም ስዊች ላይ በርቷል፣ ቅንብሩ ትክክል ነው፣ ሉፑም አለ። በእኔ አስተያየት ከሁሉም የከፋው ሉፕ ይኼ ነው፤ ቅንብር የሚያነብ ሰው ፈጽሞ አያገኘውም። ስለዚህ አንዱን ምረጡ፦ ወይ ስዊቾቹ ብቻ ይወስኑና ሬዲዮዎቹ እንደ ኬብል ያሳልፉ፣ ወይም ሬዲዮዎቹም ሁሉ ይሳተፉ። ግማሽ ግማሽ አይሆንም።

ዋጋን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። ስፓኒንግ ትሪ የመንገዱን ዋጋ የሚያሰላው ከፖርቱ ፍጥነት ነው። የ60ውም የ5ቱም ሬዲዮ በጊጋቢት ፖርት ስለተሰኩ ለእርሱ ሁለቱም እኩል ናቸው። አየር ላይ አንደኛው ከሌላው ብዙ እጥፍ እንደሚፈጥን አያውቅም። እኩል ሲሆኑ የሚለየው የመለያና የፖርት ቁጥር ነው፤ ባጭሩ ዕጣ ማለት ነው። ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ፈጣን መስመር ታግዶ ቀርፋፋው ሲሠራ የሚኖርበት ቦታ አለ፤ «ሬዲዮው የተባለውን ፍጥነት አይሰጥም» ተብሎ ሻጩ ይወቀሳል። የመፍትሔው ግማሽ የፖርቱን ዋጋ በእጅ መጻፍ ነው። ሌላው ግማሽ ሩቱን በእጅ መሾም ነው። ማንም ካልነካው ሁሉም ስዊች ቅድሚያው 32768 ነው፤ እኩል ስለሆኑ ትንሹ ማክ አድራሻ ያሸንፋል። ይህም ብዙ ጊዜ አሮጌው ዕቃ ነው፤ ከጠረጴዛ ሥር አቧራ ለብሶ የተቀመጠ ስዊች የድርጅቱ ሁሉ ሩት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ዋናውን ስዊች 4096 አድርጉት፤ ጨረሳችሁ።

አሁን ወደ ራኩ እንሂድ። ስልክ ተደውሎላችኋል፤ ደርሳችኋል። የስዊቹ መብራቶች ሁሉ እኩል፣ በጣም ፈጥነው ይርገበገባሉ። ጤነኛ ስዊች ላይ እያንዳንዱ ፖርት በራሱ ጊዜ ነው ብልጭ የሚለው። በላፕቶፕ ልትገቡበት ስትሞክሩ አይመልስም፤ ፕሮሰሰሩ ተጥለቅልቋል። የመጀመሪያው ፈተና ሁሉንም አጥፍቶ ማብራት ነው። እባካችሁ አታድርጉት። ለጥቂት ደቂቃ ይሠራል፤ አለቃም ያመሰግናችኋል። ሉፑ ግን ይመለሳል፣ ማስረጃው ደግሞ ከሎጉ ጋር ጠፍቷል።

የተጠባባቂውን መስመር ኬብል ከአንደኛው ሕንፃ ስዊች ላይ ብቻ ንቀሉ። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። መብራቱ ከተረጋጋ ሉፑ በእርሱ በኩል ነበር። ካልተረጋጋ ሉፑ ሕንፃው ውስጥ ነው፦ ሁለቱም ጫፉ ግድግዳ ላይ የተሰካ አጭር ኬብል፣ ሁለት ፖርት ያለው የጠረጴዛ ስልክ፣ ዋይፋዩንና ኬብሉን ብሪጅ ያደረገ ላፕቶፕ። በዚህ ዘመን ደግሞ ሜሽ አክሰስ ፖይንት አለ፤ ከሌላ አክሰስ ፖይንት ጋር በአየር ተገናኝቶ እየሠራ ሳለ አንድ ቅን ሰው «እንዲፈጥን» ብሎ ኬብል ሰክቶበታል። ግማሹን ፖርት እያወጣችሁ፣ ከዚያ የግማሹን ግማሽ፣ እስኪገኝ።

ከተረጋጋ በኋላ ንባብ ነው። ሎጉ ላይ አንድ ማክ አድራሻ አሁን በፖርት 1፣ አሁን በፖርት 2 እየተቀያየረ ከታየ ሉፕ ነው፤ አንድ ኮምፒውተር በሁለት ቦታ ሊኖር አይችልም። ማይክሮቲክ የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ ብሪጁ የራሱን አድራሻ በላኪነት ይዞ የመጣ ፍሬም ሲደርሰው «ሉፕ ሳይሆን አይቀርም» የሚል መልእክት እንደሚጽፍ ያውቃሉ። እርሱን አትለፉት። ቀጥሎ የፖርቶቹን ሁኔታ እዩ። ሁለት መስመር ባለበት ብሪጅ ውስጥ አንድ የታገደ ፖርት የግድ መኖር አለበት። በሁለቱም ሕንፃ ሁሉም ፖርት «ፎርዋርዲንግ» የሚል ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ዋየርሻርክ ካላችሁ ለጥቂት ሰከንድ ያዙና አንድ ፓኬት ምረጡ። ያው የመለያ ቁጥር ያለው ፓኬት እየደጋገመ ይመጣል። ቲቲኤሉን አንብቡ። በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ቁጥሩ አንድ ዓይነት ከሆነ ሉፑ የስዊች ነው። 64፣ 63፣ 62 እያለ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ራውተሮች ናቸው እርስ በርስ የሚመላለሱት፤ ሌላ በሽታ፣ ሌላ መድኃኒት። ይህን የመሰለ ቁርጥ ያለ ምርመራ በኔትወርክ ሥራ ውስጥ ጥቂት ነው።

የሬዲዮዎቹን ሎግም ከስዊቹ ሎግ ጋር አስተያዩ፤ ፖርቱ ከመከፈቱ በፊት ሲግናሉ ወርዶ ነበር? ሬዲዮው ቻናል ቀይሮ ነበር? እዚህ ላይ ሁሌ የሚያናድድ ነገር ይገጥማል፦ ሬዲዮው ሰዓቱ ስላልተስተካከለለት መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1970 ይጀምራል። ዶፉ የወረደው ማክሰኞ ከሰዓት ነው፤ ሎጉ ግን ከሃምሳ ዓመት በፊት ይላል። ሌላ ምንም ሳታደርጉ ሰዓቱን ከአንድ የሰዓት ሰርቨር ጋር አገናኙት።

ይህ የትንንሽ ቢሮ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2002 ቦስተን የሚገኘው የቤዝ እስራኤል ዲከነስ ሆስፒታል ኔትወርክ ለቀናት ተንኮታኩቷል። ሬዲዮ አልነበረም፤ ኬብል ነው፤ በሽታው ግን ያው። ሆስፒታሉ ከተዋሐዱ ተቋማት የተሠራ ነው፤ ኔትወርኩም አንዱ በሌላው ላይ እየተቀጠለ በብሪጅ ያደገ ነበር። የስፓኒንግ ትሪ የተለመዱት ሰዓቶች የተሰሉት ከዳር እስከ ዳር ሰባት ስዊች ለሚደርስ ኔትወርክ ነው፤ የሆስፒታሉ ከዚያ አልፎ ነበር። አንድ ተመራማሪ ብዙ ዳታ ኔትወርኩ ላይ ሲለቅ መልእክቶቹ መድረስ አቃታቸው፣ ሉፕ ሆነ። ሐኪሞቹ ወደ ወረቀት ተመለሱ፤ ሲስኮ የባለሙያ ቡድን ላከ። የመረጃ ክፍሉ ኃላፊ ጆን ሃላምካ የሆነውን ሁሉ ለሕዝብ በግልጽ ተናገረ። ጉዳዩ ከኮምፒውተር መጽሔቶች አልፎ በ2003 የሐኪሞቹ ትልቅ መጽሔት በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ተጽፏል። ብልሽትን መደበቅ ልማድ በሆነበት ሙያ ውስጥ ይህ ሰው ክብር ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ኔትወርኩ በራውተር ተከፋፍሎ እንደ አዲስ ተሠራ።

የእኔም ብያኔ ይኸው ነው። በሁለት ሕንፃዎች መካከል ሁለት የሬዲዮ መስመር ካላችሁ ብሪጅ አታድርጓቸው። ራውት አድርጓቸው። ለእያንዳንዱ መስመር አራት አድራሻ ያላት ትንሽ የአይፒ ክልል ስጡት፤ ሁለቱ ለሁለቱ ጫፎች ይበቃሉ። በሁለቱም ወገን ያለው ራውተር ኦኤስፒኤፍ የሚባለውን የራውተሮች መንገድ መምረጫ ስልት ያስኪድ፤ ፈጣኑ ዋጋው ዝቅ ይበል፣ ቀርፋፋው ከፍ ይበል። አሁን ብሮድካስቱ ከሕንፃው አይወጣም። ሁለቱም መስመሮች ክፍት ናቸው፤ የሚታገድ የለም። ከሁሉ በላይ የዝምታ ትርጉሙ ተለወጠ፦ በኦኤስፒኤፍ ዘንድ ዝም ያለ መስመር ይዘጋል እንጂ አይከፈትም። ቢሳሳትም እንኳ የሚሳሳተው ወደ ደህናው ወገን ነው። አልፎ ተርፎ ሉፕ ቢፈጠር ቲቲኤሉ እያንዳንዱን ፓኬት ይገድለዋል። የተለመደው የመጠበቂያ ጊዜ 40 ሰከንድ ነው፤ ለስልክ ንግግር ይህ ረጅም ከሆነ ቢኤፍዲ የሚባለውን ፈጣን የመስመር መከታተያ ጨምሩበት፣ ከአንድ ሰከንድ በታች ይወርዳል። ፐርልማን ራሷም ብሪጅ ለሁሉም ነገር መፍትሔ እንዲሆን አስባ እንዳልሠራችው፣ ራውት መደረግ የነበረበት ነገር በብሪጅ መሠራቱን ደጋግማ ተናግራለች።

«ያ ሁሉ ቅንብር ለማን?» የሚል አለ፤ አውቃለሁ። ቅርንጫፉ ከዋናው ጋር አንድ የአይፒ ክልል ካልተጋራ አንዳንድ የቆየ ሶፍትዌር አይሠራም የሚልም አለ። ለእርሱ የምመልሰው፣ ለአንድ ሶፍትዌር ሲባል የሁለት ሕንፃ ሥራ ለአደጋ መጋለጥ የለበትም የሚል ነው። ግድ ብሪጅ ከሆነ ግን ሩቱንና ዋጋውን በእጅ ጻፉ፤ ስዊቹ ሉፕ ጋርድ ካለው አብሩት፤ እርሱ ቢፒዲዩ ሲቋረጥበት ፖርቱን ከመክፈት ይልቅ ዘግቶ ይጠብቃል። የብሮድካስት መጠንም ገድቡ። በሬዲዮ ላይ ደግሞ ፈጣን ስሪት ሁልጊዜ ጸጋ አይደለም፤ 6 ሰከንድ ዶፍ ላይ ምንም ማለት አይደለም።

ደግሞ ተጠባባቂ የምንለው በእርግጥ ተጠባባቂ ነው ወይ? ሁለቱ አንቴና በአንድ ምሰሶ ላይ፣ ሁለቱ ኬብል በአንድ ቱቦ ውስጥ፣ ሁለቱም ሬዲዮ በአንድ ዩፒኤስ ላይ ከሆኑ ያለን አንድ መስመር ነው። መብራት ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ፤ ሲመለስ ሁሉም በየራሱ ፍጥነት ይነሳል፣ አንዱ ገና ሳይነቃ ሌላው ማሳለፍ ይጀምራል። ብሪጅ የሆነ ኔትወርክ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው መብራት በመጣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ መሆኑ አያስገርምም።

በመጨረሻ ስለ ርክክብ። ሥራውን የሠራው ሰው ሊያሳያችሁ ሲመጣ የዋናውን መስመር ኬብል ከስዊቹ ላይ ይነቅላል፤ ኢንተርኔቱ አይቋረጥም፤ ሁሉም ያጨበጭባል። ይህ ፈተና አይደለም። ኬብል ሲነቀል ስዊቹ ወዲያው ያውቃል፤ ቀላሉ ጉዳይ እሱ ነው። ጣሪያ ላይ የሚሆነው ግን ኬብሉ ተሰክቶ አየሩ ሲሞት ነው። ስለዚህ ከማዶ ያለውን ሬዲዮ ገብቶ የአየር ክፍሉን ብቻ እንዲያጠፋው ጠይቁ። ፒንጉ በስንት ሰከንድ እንደተመለሰ በራሳችሁ ሰዓት ያዙ። እንደገና እንዲያበራው አድርጉ፤ ሲመለስም ምን እንደሚሆን እዩ፣ ብዙ ሉፕ የሚፈጠረው መስመር ሲመለስ ነውና። ከዚያ የሁለቱም ሕንፃ ዩፒኤስ ጠፍቶ ይብራ። ይህን ዓይናችሁ እያየ ካላለፈ በርክክቡ ወረቀት ላይ አትፈርሙ።